በጭንቅ ቀን የሚዘጋ ስልክ



«የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የሚለውን ድምፅ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። በአዘቦት ቀን ከሆነ ጥቂት እናጉረመርምና «ኔትወርክ የለም» ብለን እንተወዋለን። ምጥ የያዛት ሴት ባለችበት ቤት፣ እሳት በተነሣበት ሠፈር፣ ተኩስ በሚሰማበት ከተማ ይኸው ድምፅ ሲመጣ ግን ጉዳዩ የማጉረምረም መሆኑ ይቀራል።

ፓርቲያችን ስለ መሬት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሰላምና ስለ ፍትሕ ሥርዓት የያዛቸውን አማራጮች በቀጣዮቹ ገጾች ታገኛላችሁ። ይህ ርዕሰ አንቀጽ በብዙ የፖለቲካ ድርጅቶች ማኒፌስቶ ውስጥ ከመንገድና ከመብራት ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለሚታለፍ ጉዳይ የተሰጠ ነው። ምክንያታችን በአገራችን ሕዝቡ ስልክን ከምንጊዜውም በላይ በሚፈልግበት ሰዓት ስልክ የሚጠፋ መሆኑ ነው። አንዳንዴ የሚጠፋው መብራት ስለሄደ፣ አንቴናው ስለተበላሸ ወይም ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስለደወለ ነው። ከዚህ የከፋው ግን አንድ ባለሥልጣን «ይጥፋ» ስላለ የሚጠፋው ነው።

ታሪኩ የትናንት አይደለም። በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ አጭር የጽሑፍ መልእክት ዋና የቅስቀሳ መሣሪያ ሆኖ ነበር። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ውዝግብ፣ በሰኔ ወር፣ ይኸው አገልግሎት በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘጋ። የተመለሰው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አገሪቱ ሚሌኒየሙን ስትቀበል ነው። ልብ በሉ፤ የተዘጋው የተቃዋሚ ፓርቲ አባላት ስልክ ብቻ አልነበረም። ከክፍለ አገር ሆኖ አዲስ አበባ ላለ ልጁ «ታምሜያለሁ፣ ድረስልኝ» ብሎ በጥቂት ሳንቲም ይጽፍ የነበረ አባትም አብሮ ተዘግቶበታል።

ከዚያ ወዲህ መዝጋት ልማድ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ሲገደሉ አገሪቱ ከኢንተርኔት ውጭ ሆነች። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ቆየ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታም አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልተመለሰም። የተማሪዎች ፈተና ይሰረቃል ተብሎ የተዘጋበትን ጊዜ እዚህ አንቆጥርም። ገዥው ፓርቲ ስሙን ከኢሕአዴግ ወደ ብልጽግና ለውጧል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን የያዘው እጅ ግን ልማዱን አልለወጠም።

ከእነዚህ ሁሉ ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ የሚያስተምረን በ2012 ዓ.ም. በወለጋ የሆነው ነው። በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ዞኖች ከታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የተቋረጠው ኢንተርኔት ብቻ አልነበረም። የሞባይልም የመስመርም ስልክ ተቋርጦ ነበር። ይህ በሆነ በሦስተኛው ወር፣ መጋቢት 4 ቀን፣ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መንግሥት ምልክቱ የታየበት ሰው ሁሉ ወደ 8335 እንዲደውል ያስነግር ነበር። ጥሩ ምክር ነው። ነገር ግን የነጆ ወይም የደምቢ ዶሎ ሰው በምን ይደውል? የአንድ መንግሥት አንዱ እጅ «ደውሉ» እያለ ሌላው እጅ ስልኩን ይዞ ነበር። አገልግሎቱ የተመለሰው በመጋቢት 22 ቀን ነው። በሽታው በሚገባበት ወር፣ ሕዝብ እንዲደውል በሚለመንበት ወር፣ ሦስት ዞኖች ያለ ስልክ ቆዩ ማለት ነው።

ከተማ የሚኖር አንባቢ «ስልክ ቢዘጋ አምቡላንስ አይዘጋም» ሊል ይችላል። በገጠር ቀበሌ አንዲት እናት ምጥ ሲጠናባት የሚሆነውን እንመልከት። ባልየው ወይም ጎረቤቱ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ይወጣል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይደውላል። እርሷ በራሷ ስልክ፣ ብዙ ጊዜም በራሷ ካርድ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ወረዳው ሹፌር ትደውላለች። አምቡላንሱ መንገዱ እስከሚያልቅበት ይመጣል፤ ቤተሰቡም በዚያው ሰዓት ወላዷን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከዚያ ይወርዳል። የት እንደሚገናኙ፣ ዝናቡ ወንዙን ሞልቶት እንደሆነ፣ በየትኛው መታጠፊያ እንደሚጠባበቁ የሚነጋገሩት አሁንም በስልክ ነው። ይህ ሰንሰለት በሙሉ የታሠረው በሞባይል ጥሪ ነው። ጥሪው ከሌለ አምቡላንሱ በወረዳው ግቢ የቆመ ብረት ነው። ገዥው ፓርቲ በየምርጫው ስንት አምቡላንስ እንደገዛ ይነግረናል። አምቡላንሱ የሚጠራበትን ስልክ ስንት ቀን እንደዘጋ ግን አይነግረንም።

ስለ ትግራይ ስንጽፍ ጥንቃቄ እናደርጋለን። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ጠፋ። መስመሩን የቆረጠው ማን ነው በሚለው ላይ መንግሥትና ሕወሓት አይስማሙም፤ መንግሥት የመቐለውን ጣቢያ ያቋረጡት ታጣቂዎች ናቸው ይላል። በአንዳንድ ከተሞች የድምፅ ስልክ ለወራት ተመልሶ ነበር። የፌዴራሉ ሠራዊት በሰኔ 2013 ዓ.ም. ከመቐለ ከወጣ በኋላ ግን ክልሉ እንደገና ጨለመ፤ ይህም እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ቆየ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ቀስ በቀስ ሲመለስ ምን ይዞ እንደመጣ በአዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቃል። መርዶ ይዞ መጣ። በየሠፈሩ ድንኳን ተተከለ፤ ዓመት ያለፈው ሞት እንደ አዲስ ተለቀሰ። የእናቱን አርባ ሳያወጣ፣ ሙት ዓመቷም ካለፈ በኋላ መሞቷን በስልክ የሰማ ልጅ አለ። ማን ቆረጠው የሚለው ክርክር ለታሪክና ለፍርድ ቤት ይቆይ። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ሲቪሉ ሕዝብ ሐኪም የሚጠራበትና የዘመዱን ደኅንነት የሚጠይቅበት አንድ መስመር እንኳ ክፍት እንዲቆይ፣ የተቆረጠም ከሆነ ቶሎ እንዲጠገን የሚያስገድድ ሕግ ለምን አልነበረም?

ወደ ሕጉ እንግባ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 በስልክና በቴሌኮሙኒኬሽን የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። አንቀጽ 29 መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነፃነትን ይደነግጋል፤ ገደብ ሊጣልበት የሚችለውም በሕግ ብቻ መሆኑን ይናገራል። አንቀጽ 93 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ እንዲደነግግ ሥልጣን ሲሰጠው ልጓምም አስገብቶለታል። አዋጁ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነም በ15 ቀን ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል፤ መብት የሚታገደውም አደጋውን ለማስወገድ አስፈላጊ በሆነው መጠን ብቻ ነው። ታዲያ በወለጋ ያ ሁሉ ወር ስልክ ሲዘጋ በየትኛው አዋጅ ነበር? መዘጋቱ ሲጀመር የታወጀ የአስቸኳይ ጊዜ አልነበረም። በሰኔ 2011 ዓ.ም.ም አልነበረም። በትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የታወጀው ለስድስት ወር ነበር፤ ሁለተኛው ጨለማ ሲጀምር የዚያ አዋጅ ዕድሜ አልፎ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ትእዛዙ ወረቀት የሌለው መሆኑ ነው። ይህን የሚጽፈው ሰው በጥብቅና ሥራው ያጋጠመውን ልጥቀስ። ስልክ በተዘጋበት አካባቢ መድኃኒት የሚያከፋፍል አንድ ደንበኛዬ ዕቃው መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ሾፌሩ የት እንዳለ ሳያውቅ ሁለት ሳምንት ሰነበተ። አቤቱታ ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አገልግሎቱ የተቋረጠበት የትእዛዝ ደብዳቤ ቅጂ ይሰጠኝ አልኩ። ኃላፊው ሰው አክባሪ ነበሩ፤ ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይም አዘዙልኝ። ከዚያ «እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት፤ ይህ ደብዳቤ የሚጻፍበት ነገር እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ከላይ ነው» አሉኝ። «ከላይ» የሚባል ተከሳሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓታችን የለም። ክስ ለመመሥረት ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ውሳኔ ከሌለ የሚሻር ነገር የለም፤ ጉዳቱ ግን አለ። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያት ሊኖረው እንደሚገባና ዜጋው ወደ ፍርድ ቤት ሊወስደው እንደሚችል መርሁን አስቀምጧል። መርሁ ወደ ስልኩ ማብሪያ ማጥፊያ ገና አልደረሰም።

(እግረ መንገዴን፣ በአንቀጽ 93 ላይ በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን ከማይታገዱት ድንጋጌዎች ዝርዝር ውስጥ በሕይወት የመኖር መብትን የሚመለከተው አንቀጽ 15 የለም። ይህ ጉድለት የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሚያወሳው ምዕራፍ በሰፊው ተመልሰንበታል።)

ሌላው ዓለም በዚህ ላይ ዝም አላለም። ቶጎ እ.ኤ.አ. በ2017 በተቃውሞ ሰልፍ ጊዜ ኢንተርኔት ዘጋች፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኤኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 መዘጋቱ ሕጋዊ መሠረት የሌለውና መብት የጣሰ ነው ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካሽሚርን ጉዳይ ሲመለከት የመዝጊያ ትእዛዝ ሁሉ ለሕዝብ መገለጥ እንዳለበትና ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት እንደማይፈቀድ ወሰነ። ህንድ ከዚያም በኋላ መዝጋቷን አልተወችም፤ ነገር ግን ዜጋው ይዞት ፍርድ ቤት የሚቀርበው ወረቀት አገኘ። ለጠበቃ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን የመንግሥትን ክርክር በቅንነት እንስማ። «ሰው ሰውን እንዲገድል በፌስቡክ የሚቀሰቀስበት፣ ታጣቂ በስልክ የሚቀናጅበት ጊዜ ነው፤ ጥቂት ቀን ዳታ መዝጋት ነፍስ ያድናል» ይላሉ። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። በሰኔና በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በየከተማው የተፈጸመውን ያየ ሰው በቀላሉ አይንቀውም። በፓርቲያችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴም ይህ አንቀጽ ሲረቀቅ ጠንካራ ክርክር ነበር። አንዳንድ ጓዶቻችን ነገ መንግሥት ብንሆን እጃችንን ለምን አስቀድመን እናሥራለን ብለው ተቃውመዋል። አንዱ ባልደረባችን ቤተሰቡ በነውጥ የተፈናቀለበት ሰው ነው፤ «ስልኩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ወሬው ባልደረሰና ሰው ባልተሰበሰበ» አለ። ሌላዋ ባልደረባችን መልስ ሰጠችው፤ «ስልኩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ እናንተስ ሸሹ የሚላችሁ ማን ነበር?» አለች። ቤቱ ለጊዜው ጸጥ አለ።

በመጨረሻ ያመዘነው ይህ ነው። ገዳዩ በመንደሩ ውስጥ ነው፤ እግር አለው፤ ዱላና ጠመንጃ ለመያዝ ኔትወርክ አይጠብቅም። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለሚሸሸው፣ ፖሊስ ለሚጠራው፣ የቆሰለ ለያዘው ነው። የሐሰት ወሬም በጨለማ ይበልጥ ይፋፋል፤ ስልክ በሌለበት አገር «እገሌ ከተማ እኮ አለቀ» የሚለውን ደውሎ የሚያጣራ የለም። የሁሉን ሰው አፍ መዝጋት የጥፋተኛውን አፍ እንደመዝጋት አይቆጠርም። ስለዚህ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ አንድን ገጽ ወይም አንድን አገልግሎት ለተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ቦታ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መገደብ ይቻላል ብለናል። የድምፅ ጥሪንና አጭር የጽሑፍ መልእክትን መዝጋት ግን በየትኛውም ምክንያት አይቻልም ብለናል። ኮሚቴው ውሳኔውን ያሳለፈው በሙሉ ድምፅ አልነበረም። ይህንንም መራጩ እንዲያውቀው እንወዳለን።

እስካሁን የተናገርነው ሰው አውቆ ስለሚዘጋው ስልክ ነው። ሌላም ደዌ አለ፤ ማንም ሳይዘጋው በአደጋ ሰዓት ራሱ የሚወድቀው ኔትወርክ። መንግሥት መዝጋት ስለለመደ ይህኛው ድክመት ተሸፍኖለታል፤ ስልክ በጠፋ ቁጥር ሕዝቡ «ዘጉት» ይላልና የተበላሸው አንቴና ጠያቂ አያገኝም።

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ፣ በፈንታሌ ዙሪያ፣ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ድረስ ተሰማ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንም ከቀዬአቸው ተነሡ። ከአራተኛ ፎቅ ልጆቹን አቅፎ የወረደ ሰው ውጭ ቆሞ የሚያደርገው ነገር ስልኩን ማውጣት ነው። ጎረቤቱም እንዲሁ፤ ሠፈሩም እንዲሁ። አንድ አንቴና በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥሪ ግን የተወሰነ ነው። ሁሉም ሲደውል አብዛኛው አያልፍም፤ ማለፍ ከማይችሉት ጥሪዎች መካከል የቆሰለ ሰው ጥሪ ይኖራል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 ጃፓን በታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ስትመታ ኩባንያዎቹ ኔትወርኩ እንዳይወድቅ አብዛኛውን የድምፅ ጥሪ ለመገደብ ተገድደው ነበር። መብራት በጠፋበት አካባቢም የአንቴናዎቹ ባትሪ አልቆ ብዙዎቹ ጸጥ አሉ። ልዩነቱ ጃፓኖች አስቀድመው ያዘጋጁት ሌላ መንገድ የነበራቸው መሆኑ ነው።

ያም መንገድ እጅግ ውድ ወይም ረቂቅ ነገር አይደለም። በአንድ አካባቢ ላሉ ስልኮች ሁሉ ከአንቴናው በአንድ ጊዜ የሚሠራጭ የማስጠንቀቂያ መልእክት ነው። እንደ ሬዲዮ ቁጠሩት፤ ሺህ ስልክ ቢቀበለው አንድ ስልክ እንደተቀበለው ነው። መጨናነቅ አያግደውም፣ የማንንም ስልክ ቁጥር ማወቅም አያስፈልገውም። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያን ወደ ሞባይል በዚህ ዘዴ ትልካለች። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው ግብ አስቀምጧል።

በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። አካፋና እጃቸውን ይዘው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። አንድ የስልክ መልእክት ያድናቸው ነበር ብለን አንምልም። ወንድሙ ከጭቃ ሥር ያለበት ሰው «ራቅ በሉ» የሚል መልእክት አንብቦ ይቆማል ብሎ መናገር የሰውን ልብ አለማወቅ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት የዝናብ ቀናት ለዚያ ገደል ሥር ለሚኖረው ሕዝብ «መሬቱ ውኃ ጠግቧል፤ ለጥቂት ቀን ወደ ሜዳው ውጡ» የሚል መልእክት መላክ የሚችል፣ ሥራዬ ነው የሚል አንድ አካል ሊኖር ይገባ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያው ያወቀውን የቀበሌው ሰው በዚያው ቀን ማወቅ አለበት።

የመብራትም ጉዳይ አለ። አንቴና ያለ መብራት የሚቆየው ባትሪው እስከሚያልቅ ወይም የጄኔሬተሩ ናፍጣ እስከሚጨርስ ነው። በአሜሪካ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ2005 ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀ በኋላ የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እያንዳንዱ አንቴና የስምንት ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል እንዲኖረው አዝዞ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ተከራክረው ደንቡን ሳይጸና አስቀሩት። የካሊፎርንያ ግዛት ግን በሰደድ እሳት ከተቀጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ለእሳት በተጋለጡ አካባቢዎች የ72 ሰዓት መጠባበቂያ ግዴታ አደረገች። ከዚህ የምንማረው ለኩባንያው ፈቃድ የተተወ ባትሪ እንደማይገዛ ነው። በእኛ አገር ትልቁ ኩባንያ የመንግሥት በመሆኑ ደግሞ ሰበቡ ያነሰ ነው።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ኔትወርኩ አስተማማኝ ሳይሆን ኑሯችን በሙሉ በእርሱ ላይ እየተጫነ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተወሰነ። ዘመናዊነቱን አንጠላም። ነገር ግን ኔትወርክ በሌለበት ቀን የታመመ ሰው የሚያደርስ ባለ ባጃጅ በኪሱ ብር ይዞ ነዳጅ መግዛት ካልቻለ፣ ያጠራቀመውን በስልኩ ያስቀመጠ ተፈናቃይም እንጀራ መግዛት ካልቻለ፣ የስልኩ መጥፋት ከወሬ መቅረት አልፎ ሆድና እግር ላይ ደርሷል።

ታዲያ ፓርቲያችን ምን ያደርጋል? መንግሥት ለመመሥረት ብንበቃም፣ በምክር ቤቱ ጥቂት መቀመጫ ብቻ ብናገኝም፣ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት የምናቀርበው የሕግ ረቂቅ አለ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011ን የሚያሻሽል ነው። ረቂቁ የድምፅ ጥሪና አጭር መልእክት በአገሪቱ በየትኛውም ክፍል፣ በአስቸኳይ ጊዜም ጭምር፣ በትእዛዝ እንዳይቋረጥ ይደነግጋል። ሌላ አገልግሎት የሚገደበው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጽሑፍ ትእዛዝ፣ ቦታው ተለይቶ፣ ከ72 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው፤ ትእዛዙም በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕዝብ ይገለጣል። በቃል ትእዛዝ የዘጋ የኩባንያ ኃላፊ በግሉ ተጠያቂ ይሆናል፤ «ከላይ ነው» መከላከያ አይሆነውም። በሕገ ወጥ መዝጋት የተጎዳ ሰው ካሣ ይጠይቃል።

የጥገናውና የዝግጅቱ ክፍል ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በአንድ ዓመት የሚያልቅም አይደለም። በጤና ጣቢያዎችና በወረዳ ከተሞች ዙሪያ ያሉ አንቴናዎች ቢያንስ የ24 ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል እንዲኖራቸው ከዚያ እንጀምራለን። የአንዱ ኩባንያ ኔትወርክ ሲወድቅ ደንበኛው በሌላው ኩባንያ አንቴና እንዲደውል ሁለቱ ኦፕሬተሮች በአደጋ ጊዜ እንዲተባበሩ እናስገድዳለን፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ኦፕሬተር ካለን አይቀር ጥቅሙ በጭንቅ ቀን ይታይ። ዛሬ ለአምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991፣ በአዲስ አበባ ለእሳት 939 ነው፤ በድንጋጤ ሰዓት ሦስት ቁጥር የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በአንድ ቁጥር እንተካቸዋለን፤ ሂሳብ በሌለው ስልክም ይሠራል፤ ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎችም መልስ የሚሰጥ ሰው ይቀመጥበታል። የማስጠንቀቂያ መልእክቱን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ከዩኒቨርሲቲ የርዕደ መሬት ባለሙያዎች ጋር ሆኖ እንዲልክ ሥልጣኑን በግልጽ እንሰጠዋለን፤ ለፖለቲካ ቅስቀሳ የተጠቀመበትም በወንጀል ይጠየቃል። ገንዘቡን በሚመለከት፣ በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛው ኦፕሬተር ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን እናስታውሳለን። ከቴሌኮም ፈቃድና ትርፍ ከሚገኘው ገቢ የተወሰነ ድርሻ ለዚሁ ሥራ ብቻ እንዲመደብ በጀቱ ሲጸድቅ እንከራከራለን።

የረቂቁ ሙሉ ቃል በፓርቲያችን ማዕከላዊና የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች በነፃ ይገኛል። የቴሌ ቴክኒሻኖች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአምቡላንስ ሹፌሮችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች አንብባችሁ የጎደለውን እንድትጽፉልን በተለይ እንጠይቃለን፤ ስማችሁን መጻፍ አያስፈልጋችሁም። ሌላ ፓርቲ ረቂቁን ወስዶ የራሱ ቢያደርገውም ቅር አይለንም።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ